የእንሽላሊቷ እጅጌ

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ብትሉኝ የሰው ቆዳ ማጥፋት ነው። ለፓስፖርት የመጣውም፣ ለምርቃት የመጣችውም፣ የሰርግ አልበም ሊያሠሩ የመጡትም የሚለምኑኝ አንድ ነገር ነው፤ «እህቴ፣ ፊቴን ትንሽ ጥርት አድርጊው።» ጠባሳ ይጠፋል፣ ብጉር ይጠፋል፣ የዓይን ሥር ጥቁረት ይጠፋል። አንዳንዱማ እናቱ የሰጠችውን አፍንጫ ሳይቀር እንዳሳንስለት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሳሽ፣ ስፈቀፍቅ እውላለሁ፤ ወደ ማታ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ይሆንና እንደ ተላጠ ድንች ያብለጨልጫል። ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቤቴ ስገባ የምናፍቀው እውነተኛ ቆዳ ማየት ነው።

እንሽላሊት ፎቶ ማንሳት ውስጥ የገባሁት በዚህ በኩል ነው።

ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ጓሮው አባቴ በሕይወት እያለ የካበው የድንጋይ ካብ አለው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲያለብሰው ሰው ከነጋቢው ይንቀጠቀጣል። እንሽላሊት ደግሞ ጋቢ የላትም። ፀሐይ ካቡ ላይ እስክታርፍ ትጠብቅና ከድንጋዩ ስንጥቅ ብቅ ብላ ራሷን ታሰጣለች። ሰውነቷ ገና ስላልሞቀ አትሮጥም። እኔ ያን ጊዜ በሆዴ እተኛለሁ፣ ክርኖቼን መሬት ላይ እተክላለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ በቅርብ የሚያነሳውን ሌንስ ይዤ እጠጋታለሁ። ሌንሱ ክፉ ነው፤ ዓይኗ ከጠራ አፍንጫዋ ይደበዝዛል፣ አፍንጫዋ ከጠራ ዓይኗ። ሳስነጥስ ደግሞ ሁሉም ነገር ያበቃል፤ በደሴ ጠዋት የማያስነጥስ ሰው ካለ ልየው።

ከሩቅ ሲያዩዋት አፈር የመሰለች ቡናማ ነገር ናት። ሲቀርቧት ግን ቅርፊቶቿ እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው፣ ጠርዛቸው የመዳብ መልክ ይዞ ያበራል። ከአንገቷ ጀምሮ በጀርባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ወርቅማ መስመሮች እስከ ጅራቷ ይወርዳሉ። በመካከላቸው ጥቁር ነጠብጣብ ተደርድሯል። አንዱን ቅርፊት ስታየው ጭረት አለበት፣ ሌላው ጫፉ ተሸርፏል። አንዱን እንኳ አጥፊልኝ ብላኝ አታውቅም።

እናቴ ይህን ሁሉ ከኩሽና መስኮት እያየች ትቃጠላለች። «ባል የሚመጣው በፊት በር ነው» ትለኛለች። «አንቺ ጓሮ በሆድሽ ተኝተሽ ማን ያይሻል?» ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ባለው የእህቶች ጸሎት ላይ የጸሎት ርዕስ አድርጋ አቀረበችኝ፤ አንደኛ ትዳር እንዳገኝ፣ ሁለተኛ ከሚሳቡ ነገሮች እንድላቀቅ። እህቶች ተግተው ጸለዩ። ጌታ አንደኛውን መለሰ።

እጮኛዬ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ እዚያው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ፎቶ ቤት የመጣው ለፓስፖርት ፎቶ ነበር፤ «ፊቴን ጥርት አድርጊው» ማለት የረሳ የመጀመሪያው ደንበኛዬ እሱ ነው። ጉንጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንዳለች አትሜ ሰጠሁት። አየት አደረገና «እኔን ይመስላል» አለ። ከዚያ ወዲያ ለመተጫጨት ብዙም አልቆየንም። የእንሽላሊቶቹን ፎቶ ሳሳየው አልሸሸም፣ አልሳቀብኝም፤ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግቶ ቅርፊቶቹን በጣቱ እየተከተለ ዝም ብሎ አየ። ቁርጥ አድርጌ የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ብቻ አንድ ነገር ለመነኝ። «እማዬ እንዳታውቅ። እስክንጋባ ድረስ ብቻ።»

እናቱ እንሽላሊት አይወዱም ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። እንሽላሊት ጥርስ ከቆጠረች ጥርስ ይረግፋል የሚባለውን የልጅነት ወሬ ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ እሳቸው ግን ልጅነታቸውን ሲተዉ እሱን አልተዉትም። ግድግዳ ላይ አንዲት ካዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «በኢየሱስ ስም!» እያሉ ይወጣሉ። ቤቱ ተፈትሾ፣ ተጠርጎ፣ ተጸልዮበት ካልሆነ አይመለሱም። ልጃቸው ደግሞ የሚሽከረከር ማሽን ሆድ ውስጥ እጁን የሚከት ደፋር፣ እናቱ ፊት ሲቆም ግን ትምህርት ቤት ያረፈደ ተማሪ የሚሆን ሰው ነው።

እሺ አልኩ። «እስክንጋባ» ያላት ቃል ግን ቆረቆረችኝ። ከተጋባንስ በኋላ? ስል ጠየቅኩት። «ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብለን እንነግራታለን» አለ። በሌላ ቀን ስጠይቀው «ልጅ ስንወልድ ልቧ ይለሰልሳል» አለ። ዕድሜ ልኬን ካሜራዬን በዘንቢል ደብቄ፣ ጎመን ልገዛ ነው እያልኩ ከገዛ ቤቴ ስወጣ ታየኝ። 

ነገሩ የተበላሸው ምሳ ላይ ነው። ኮምቦልቻ እነሱ ቤት ተጋብዤ፣ የቀለበት ቀን ፎቶዎቻችንን ለአማቴ ላሳይ ስልኬን ሰጠኋቸው። ያን ጊዜ ገና አማቴ አልሆኑም፤ ግን ከአሁኑ ልልመደው። አማት ስልክ ሲሰጣት የታየውን አይታ አትመልስም፤ በጣቷ እየገፋች ወደማታውቀው አገር ትሄዳለች። አማቴም የቀለበቱን ጨረሱ፣ የፎቶ ቤቱን አለፉ፣ ከዚያ ቆሙ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። እጮኛዬ የጎረሰው አንገቱ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

ስልኩ ላይ ያለው ጀርባዋ ብቻ ነበር። ዓይን የለ፣ እግር የለ፣ ቅርፊትና ሁለት ወርቅማ መስመር ብቻ። አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ቀደሙኝ፤ «እንዴት ያለ ጥለት ነው ባካችሁ! እንዲህ ያለ ሽመና የት አገር ይገኛል?»

እጮኛዬ ጉርሻውን ዋጠና «አዲስ የመጣ ነው እማዬ» አላቸው። እንዲህ በቀላሉ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ አማቴን ግን ከሁሉም አስበልጦ ወረሳቸው። የእኛ ዘመድ ለመልስ አንድ ዓይነት ጥለት ካልለበሰ ሰርግ የበላ አይመስለውም። አማቴ ፎቶውን በቴሌግራም ወደ ራሳቸው ላኩት፣ ከራሳቸው ሰኞ ገበያ ወዳለች የሀበሻ ቀሚስ ነጋዴ ላኩት። ነጋዴዋ ወዲያው በድምፅ መለሰች፤ «ወላሂ እንዲህ ያለ ጥለት ዓይኔ አይቶ አያውቅም! አብሽሪ እናቴ፣ ሸማኔዬ ያወጣዋል።» ቀጥሎ የእጮኛዬ ታላቅ አክስት ሰሙ። እኚህ አክስት የዘመዱ ሁሉ ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው ያልወደዱት ሰርግ፣ እሳቸው ያልቀመሱት ወጥ እንደሌለ ይቆጠራል። እሳቸው ወደዱት፤ ከዚያማ ሌሎቹ አክስቶች ተከተሉ፣ የአክስት ልጆች ተከተሉ፣ የፓስተሩ ባለቤት ሳይቀሩ አዘዙ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ጨርቁን በዓይኑ ያየ ሰው ሳይኖር የአንድ ጉባኤ ሴቶች እንሽላሊት ሊለብሱ ተሰለፉ።

የኔ መከራ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቀሚስ ጀርባ ብቻ አይደለማ።

«ሸማኔው የእጅጌውን ጥለት ጠይቋል» ብለው አማቴ ደወሉ። «ቀሪውን ጨርቅ አንሺና ላኪልኝ።»

ወደ ካቡ ሄድኩ። እጅጌ ከየት ላምጣ? ከእግሯ። የፊት እግሯ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ደቀቅ ያሉ ናቸው፣ ወደ ጣቶቿ ሲወርዱ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ጥፍሮቿን ከምስሉ አስወጥቼ ላክሁ። «ረቂቅ ነው፣ ጌታ ይባርክሽ» የሚል መልስ መጣ። በማግስቱ የአንገቱን አሉ፤ አንገቷን ላክሁ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰውን ቆዳውን እያጠፋሁ የማስደስተው እኔ፣ እንሽላሊትን ምንም ሳልነካ ልኬ ስመረቅ ዋልኩ። መናደዴን ትቼ የምኮራበት ሰዓት ነበረ፣ ምን ልዋሻችሁ።

የግርጌውን ሲሉ ግን ችግር መጣ። ለግርጌ የሚሆነው ጅራት ነው፤ የኛ የጓሮዋ ግን ጅራቷን ለጎረቤት ድመት ጥላ አምልጣለች። ገራዶ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አጣሁ፤ ቀኑ ደመናማ ስለነበረ አንዲትም ብቅ አላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከጨረሱ በኋላ አገሩ ሙቀት ነው፣ እንሽላሊቱም እንደ ልብ። ሙቀት ያገኘች እንሽላሊት ግን የደሴዋ አይደለችም፤ ዓይኗን ሳታሽ ትሮጣለች። ቦርከና ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ አንዲት ጅራተ ሙሉ አገኘንና እኔ በሆዴ ተኛሁ፤ እጮኛዬም አጠገቤ በሆዱ ተኝቶ፣ ብርሃን እንዲመልስልኝ ነጭ ካርቶን ያዘልኝ። እንዲህ ጎን ለጎን ተኝተን ትንፋሻችንን ይዘን ስንጠብቅ ከዚህ ሰው ጋር ዕድሜ ልኬን መኖር እንደምችል ተሰማኝ። አነሳኋት። እስከ ጅራቷ ጫፍ የጠራ ፎቶ።

ልክ ያን ጊዜ ከፋብሪካው የወጡ የሥራ ባልደረቦቹ በዚያ ሲያልፉ አዩን። «አንተ፣ ምን ሆነህ ነው አፈር ላይ?» አሉት።

«ቁልፍ ጠፍቶብን ነው» አለ።

ቁልፍ! ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው አብረውን ይፈልጉ ጀመር። የሌለ ቁልፍ ፍለጋ ሲንጎራደዱ እንሽላሊቷ ሸሸች፣ ሣሩ ተረገጠ። እጮኛዬ ካርቶኑን ጀርባው ላይ ደብቆ ከእነሱ ጋር ይፈልጋል። እኔ ካሜራዬን አቅፌ ተቀምጬ አየሁት። ባልደረቦቹን እናቱን እንደሚፈራ አይፈራቸውም። ታዲያ ለምን? ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ውሸቱ ለእናቱ ብቻ የተሰፋ አይደለም፣ ለሁሉም ልኩ ነው። የሚደበቀው ነገር እንሽላሊት አይደለም፤ እኔ ነኝ። በሚኒባስ ሐረጎን ስወጣ ቀለበቴን እያወጣሁ መልሼ አጠለቅኩት።

የግርጌው ፎቶ የአማቴን ልብ ጨርሶ ወሰደው። «እንግዲህ ጨርቁን በእጄ ልዳብሰው» አሉ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ደሴ እመጣለሁ፣ አውጥተሽ ጠብቂኝ።»

እጮኛዬ ደወለ። «ባለቤቱ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ በያት።»

«የጨርቁ ባለቤት ማን ነው?»

«አንድ ሰው በያ!»

ስልኩን ዘጋሁበት።

ቅዳሜ አማቴ የደሴን ብርድ ፈርተው በነጠላቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከልጃቸው ጋር ገቡ። እናቴ እንግዳ ተቀብላ፣ አብልታ፣ አጠጥታ፣ ተጸልዮ፣ በመጨረሻ አማቴ እጃቸውን አሹና «በይ እንግዲህ አምጪው» አሉኝ። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ እጮኛዬ ተነሳ። ከፌስታል ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አውጥቶ እናቱ ጭን ላይ አኖረው። ቡናማ ነው፣ ሁለት ቢጫ መስመር አለው። የት ገበያ ሲዞር እንዳገኘው እግዜር ይወቅ። ወደ እኔ አላየም።

አማቴ ጨርቁን ዳበሱት። መነጽራቸውን አደረጉ። ስልካቸውን አውጥተው ከጎኑ ያዙት፣ አንዴ ስልኩን አንዴ ጨርቁን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጨርቁን አጠፉት።

«ይሄ አይደለም» አሉ።

«ነው እማዬ፣ ብርሃኑ ነው...»

«ይሄ ጨርቅ ነው» አሉ። «ያኛው ሌላ ነገር ነው። ያኛው ሕይወት አለው።»

እጮኛዬ ሌላ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት አየሁትና ቀድሜው ተነሳሁ። «እውነትዎን ነው እማማ፤ አይደለም። ይምጡ፣ ዋናውን ላሳይዎት።»

በጓሮ በር ወጣን። ጉሙ ተገፏል፣ ፀሐይ ካቡ ላይ አርፋለች። ጅራተ ቆራጣዋ እንደ ልማዷ ድንጋዩ ላይ ተሰጥታ ነበር። አማቴ የተሰጣ ልብስ ፍለጋ ገመዱን አዩ፣ አጥሩን አዩ። «የቱ ጋ ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«በኢየሱስ ስም!» ነጠላቸው አፋቸው ላይ ወጣ፣ እግራቸው ወደ ኋላ ሸሸ። እንሽላሊቷም ስንጥቋ ውስጥ ገባች። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ምስጢሩ አንዴ ወጥቷል፣ መመለሻ የለውም።

አማቴ ካቡን እያዩ፣ በነጠላው ውስጥ ሆነው «እጅጌውስ?» አሉ።

«እግሯ ነው።»

«አንገቱ?»

«አንገቷ።»

«ግርጌው...»

«ጅራት ነው። የሌላዋ፣ የኮምቦልቻዋ። እንሽላሊት ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ እማማ። እርስዎንም ልጅዎንም ከማወቄ በፊት እወድ ነበር፣ ከተጋባንም በኋላ አልተውም። ጥለት ነው ያልኩዎት ግን እኔ አይደለሁም።»

 ሰርጉ ቀርቷል ብዬ ነበር የማስበው። አማቴ ዞረው ልጃቸውን አዩ። በሩ ላይ ያንን ፌስታል እንደያዘ ቆሟል።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«እማዬ፣ አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ...»

አማቴ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። የተቆጡኝ መሰለኝ፤ ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ልጃቸው እየሰማ፣ «የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔን ፈርቶ አንቺን ደበቀ። ነገ ደግሞ አንቺን ፈርቶ እኔን ይደብቃል።»

 እናቴ ከመስኮቱ ሆና ታያለች፤ እሷም ለጸሎት የምታቀርበው ርዕስ ጠፋት። እኚህ ሴት እንሽላሊት ስለጠሉ የምፈራቸው እኔ፣ እሳቸው ራሳቸው ምን እንደሚፈሩ አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበር። አዘንኩላቸው፣ በጣም።

«ስልክህን አውጣ» አሉት ልጃቸውን። «ለአክስትህ ደውል። ላውድ አድርገው።»

ደወለ። የአክስትየው ድምፅ ጓሮውን ሞላው፤ ሰላምታው፣ የጤናው፣ የጌታ ይመስገኑ ሁሉ ካለቀ በኋላ እጮኛዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ያ ጥለት አለ አይደል... ነጋዴዋ ጋ ትንሽ ችግር...» አለና እናቱን አየ። እናቱም ትኩር ብለው አዩት። እኔንም አየኝ።  ጉንጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ቀላች።

«ችግር የለም እትዬ። ዋሽቼ ነው። ጥለቱ ጨርቅ አይደለም፣ የእንሽላሊት ጀርባ ነው። እጮኛዬ እንሽላሊት ፎቶ ታነሳለች። በጣም ጎበዝ ናት። እኔም ከመጀመሪያው አውቅ ነበር፤ ካርቶን የምይዝላት እኔ ነኝ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ላብሰውም አልፈለግኩም። ከስልኩ ማዶ ግን ጸጥ አለ። ያ የዘመድ ሁሉ ዳኛ አፍ፣ የፈራነው ሁሉ የሚወጣበት አፍ፣ ምን ሊል ነው ብለን እናቴ ሳትቀር አንገታችንን አስግገን ጠበቅን።

«ሰማሁ» አሉ አክስትየው በመጨረሻ። «ታዲያ ቀሚሱ ለመልሱ ይደርሳል፣ አይደርስም?»